ለአምፖል ስም ማውጣት

በድምፅ የሚታዘዝ አምፖል ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ኤሌክትሪክና ስም። ኤሌክትሪኩን ኩባንያው ያመጣል፤ ስሙን ግን የቤቱ ሰው ያወጣል። ለልጅ ሲሆን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ለአምፖል የሚላክ መልአክ ስለሌለ ሥራው የሚወድቀው አፑን ስልኩ ላይ በጫነው የቤቱ ወጣት ላይ ነው። እሱ ካርቶኑን እየቀደደ በአንድ ደቂቃ ይሰይመዋል፤ ቤተሰቡ ደግሞ ዓመት ሙሉ ሲጠራው ይኖራል። አምፖሉም አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ዝም ይላል።

በኦክላንድና በሳን ሆዜ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ጉዳዩ ትንሽ ይከብዳል፤ ቤቱ አማርኛ ያወራል፣ አምፖሉ እንግሊዝኛ ይሰማል። የሚገርመው ጆሮው የተሠራው እዚያው ጎረቤት መሆኑ ነው። የድምፅ ረዳቷ ሲሪ የተፀነሰችው ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው ኤስአርአይ ኢንተርናሽናል በተባለ የምርምር ተቋም ነው፤ አፕል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ገዝቷት በ2011 አይፎን ውስጥ አስገባት። አሌክሳ የምትኖርበትን ኤኮ የተባለውን ስፒከር የሠራው ሰኒቬል ያለው የአማዞን ክፍል፣ ላብ 126 ነው፤ በ2014 ይፋ ሆነ። የጉግል ዋና መሥሪያ ቤት ማውንቴን ቪው፣ የአፕል ደግሞ ኩፐርቲኖ ነው። ከሳን ሆዜ በመኪና የተነሳ ሰው አራቱንም ከተሞች በአንድ ከሰዓት ዞሮ ይመለሳል። በኦክላንዱ ቴሌግራፍ ጎዳና ምግብ ቤቶች የሚመላለስ የኩባንያ መሐንዲስ «ዶሮ ወጥ» ማለትን ለምዷል፤ የሠራው ስፒከር ግን ትእዛዝ በሚቀበልባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛን አላስገባም። ጉግል በ2017 በስልክ ላይ አማርኛን በድምፅ መጻፍ ፈቅዷል። ስለዚህ ስልኩን «መብራት» ቢሉት በፊደል አሳምሮ ይጽፈዋል፤ አያበራውም እንጂ።

ማንኛውም የድምፅ ትእዛዝ ሦስት ክፍል አለው፤ መሣሪያውን የሚቀሰቅስ መጥሪያ፣ የሚሠራውን የሚናገር ግሥ፣ የሚሠራበትን ዕቃ የሚለይ ስም። ግሡ ብዙ ጊዜ ችግር አይፈጥርም፤ ጣጣው ያለው በመጥሪያውና በስሙ ላይ ነው።

መጥሪያ ምን መምሰል እንዳለበት የኢትዮጵያ የፈረስ ስም ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ስሙ አጭር ነው፣ ለፉከራ ይመቻል፣ አንዱ ሲጠራ ሌላው ዞር አይልም። አማዞንም በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ «አሌክሳ» የሚለው ስም ከጥንቱ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት የተወሰደ ሲሆን፣ መካከሉ ላይ ያለው ጠንካራ የ«ክስ» ድምፅ ከተራ ወሬ እንዲለይ ያግዘዋል። ይሁንና ፍጹም አይደለም። በጀርመን የቦሁም ሩር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር በ2020 እንደ አሌክሳ፣ ሲሪና ጉግል ያሉ ረዳቶችን ሳይጠሩ የሚያስነሱ ከ1000 በላይ ቃላትና ሐረጎች አግኝተዋል። «ኤሌክሽን» የሚል የምርጫ ዜና ሰምታ አሌክሳ ከተነሳች፣ አማርኛ በሚፈስበት ሳሎን ውስጥ እንቅልፍ የላትም ማለት ነው።

አደጋው የሚጀምረው ቡና ላይ ነው። አንዷ እንግዳ «ሁዳዴን ሙሉ ጾሜም ሰውነቴ አልከሳ አለኝ» ስትል፣ ጥግ ላይ ያለው ስፒከር ሰማያዊ ብርሃኑን አብርቶ አቤት ቢል ብዙ አይፈረድበትም፤ በ«አልከሳ»ና በ«አሌክሳ» መካከል ያለው ርቀት አንዲት አናባቢ ናት። ሌላው ስለ መሥሪያ ቤት አለቃው ሲያማርርም ያው ነው። አይፎን ባለበት ቤት ደግሞ ልጅን «ሱሪህን ልበስ» ብሎ ማዘዝ ለሲሪ ጥሪ ሊመስል ይችላል። አማዞን መጥሪያውን በሌላ መቀየር ይፈቅዳል፤ ከምርጫዎቹ አንዱ «ኤኮ» ነው። አማርኛ ተናጋሪ ቤት ሊመርጠው የማይገባ ቃል ቢኖር ይህ ነው። «እኔ እኮ»፣ «እሱ እኮ»፣ «ነግሬህ ነበር እኮ» እየተባለ በሚመሽበት ቤት ስፒከሩ ቁጭ ማለት አይችልም። «ኮምፒውተር» የሚለው አማራጭ ሁሉም አፍ ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይሻላል፤ ግን ሳን ሆዜ ላይ የሠራተኛው ግማሽ ወሬ እሱው ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ዞሮ ዞሮ አሌክሳን ይዞ፣ የመክሳትን ወሬ ወደ ማድቤት ይወስዳል።

ከመጥሪያው በኋላ የዕቃው ስም ይመጣል። አሠራሩ ቀላል ነው። ስፒከሩ የሰማውን ድምፅ በኢንተርኔት ይልካል፤ እዚያ ድምፁ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ይለወጣል፤ ቀጥሎ ጽሑፉ በቤቱ አፕ ውስጥ ከተመዘገቡት ስሞች ጋር ይመሳከራል። ስለዚህ «የአልጋው መብራት» በላቲን ፊደል ተጽፎ አፑ ውስጥ ቢገባ፣ የሚጠራው አፍና የሚያነበው ማሽን አይገናኙም። አማርኛ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰና ጸ አሉት፤ እንግሊዝኛ እነዚህን የሚፈነዱ ድምፆች የሚጽፍበት ፊደል የለውም። ፊደልና ድምፅ ሲለያዩ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ከሳን ሆዜ የተሻለ ምሳሌ የለም፤ አዲስ መጤ ፊደሉን ተከትሎ «ሳን ጆስ» ይላል፣ ነዋሪው ይስቃል። ማሽኑ የሚለየው ሳይስቅ በመቅረቱ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያ ሕግ፣ ስሙ ማሽኑ አስቀድሞ መጻፍ የሚያውቀው ቃል መሆን አለበት የሚል ነው። በዚህ መለኪያ የአማርኛ ቤት ቃላት ሦስት ምድብ ይሆናሉ።

አንደኛው ምድብ ፓስፖርት ያላቸው ናቸው። ሳሎን፣ በረንዳ፣ ጋራዥ፣ ሻወር፣ ፍሪጅና ቲቪ ከባሕር ማዶ የመጡ ስለሆኑ ሲመለሱ ብዙ አይጠየቁም። ሳሎን በእንግሊዝኛ የጸጉር ቤት መሆኑ ግን መታወስ አለበት፤ አምፖሉ በዚህ ስም ካልተመዘገበ፣ «ሳሎን» የተባለ ማሽን በአካባቢው ያሉትን ጸጉር ቤቶች ሊዘረዝር ይችላል። ከተመዘገበ በኋላ ግን ጥሩ ስም ነው፤ አያትም የልጅ ልጅም እኩል ይሉታል።

ሁለተኛው ምድብ ሌላ ሰው መስለው የሚገቡ ናቸው። ጓዳ በእንግሊዝኛ ጆሮ «ጉዳ» ለተባለው የሆላንድ አይብ ይቀርባል፤ መብራት የታዘዘ ማሽን የገበያ ዝርዝር ላይ አይብ ቢጽፍ የሚያስገርም አይሆንም። ኩሽና «ኩሽን» ከሚሉት የሶፋ ትራስ አይርቅም። ባኞ ለእንግሊዝኛው ጆሮ ባንጆ ነው፤ ሊታጠብ የገባ ሰው የገጠር ሙዚቃ ሊከፈትለት ይችላል። እዚህ ላይ የቦታው ጎረቤቶች ይረዳሉ። ባኞ ከጣልያን የመጣ ቃል ሲሆን ስፓኒሾች መታጠቢያ ቤትን የሚጠሩበት ቃልም ድምፁ ያው ባኞ ነው። አሌክሳ ከ2019 ጀምሮ በአሜሪካ እንግሊዝኛና ስፓኒሽን ጎን ለጎን መስማት ስለምትችል፣ የሳን ሆዜው ባኞ በሜክሲኮ ዘመዶቹ በኩል ያልፋል። ምጣድ በዚያው በር ለመግባት ቢሞክር ግን አይሳካለትም፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስፓኒሹ «ግማሽ» ብሎ ያነበዋል። ይህ ሳይሻል አይቀርም። ብዙ ኤሌክትሪክ የሚጎትትና የሚግል ዕቃ ከሌላ ክፍል በድምፅ መብራት የለበትም፤ ምጣድ ላይ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ምድብ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ፎቅ። ሁለት ፎቅ ቤት የተከራየ ቤተሰብ የላይኛውን መብራት በዚህ ስም ለመጥራት ይፈተናል። ቃሉ እንግሊዝኛ ጆሮ ላይ ሲያርፍ ልጆች ትምህርት ቤት ቢደግሙት ወላጅ የሚያስጠራ ይሆናል። ማሽኑም ጨዋ ሆኖ ስለተሠራ አይመልስም፤ ከጽሑፉ ላይ በኮከብ ምልክት ይሸፍነዋል። የላይኛው መብራት ሌላ ስም ይፈልጋል።

ሁለተኛው ሕግ ስሙ ከቤቱ ውስጥ በጣም የሚከብደው አፍ የሚችለው እንዲሆን ነው። ሰያሚው ወጣት እንግሊዝኛውን ስለሚያስኬደው አምፖሎቹን «ቤድሩም» እና «ባዝሩም» ይላቸዋል። ወረቀት ላይ ይለያያሉ። አፍ ላይ ግን ሁለቱም በ«በ» ይጀምራሉ፣ ሁለቱም በ«ሩም» ያልቃሉ፤ መካከል ያለው ምላስን በጥርስ የሚያስነክስ ድምፅ አማርኛ ውስጥ ስለሌለ እንደ ተናጋሪው «ዝ»፣ «ስ» ወይም «ድ» ይሆናል። መኝታ ቤታቸውን ሊያበሩ የፈለጉ አባት መታጠቢያ ቤቱን ያበራሉ። መፍትሔው አነጋገርን ማረም አይደለም፤ አንዱን «ሻወር» ብሎ መሰየም ነው፤ ቤተሰቡ ድሮም የሚለው እሱን ነው። «ስትሪፕ» እና «ስቶቭ» አማርኛ አፍ ላይ ፊታቸው «እ» ስለሚጨመር «እስትሪፕ»፣ «እስቶቭ» ይሆናሉ። «ቨ» በታላላቆች አፍ ወደ «በ» ስለሚያደላ ቴሌቪዥን ቴሌቢዥን ይሆናል። ቴርሞስታት ለማንም አፍ አይመችም፤ «ሂተር» ቢሉት ይበቃል።

ጥፋቱን ሁሉ በተናጋሪው ላይ መጫንም ልክ አይሆንም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት የአማዞንን፣ የአፕልን፣ የጉግልን፣ የአይቢኤምንና የማይክሮሶፍትን ንግግር ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ ሥርዓቶች ፈትነው ነበር። ከነጭ ተናጋሪዎች 100 ቃል በአማካይ 19 ያህሉን ሲስቱ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን 100 ቃል 35 ያህሉን ስተዋል። እነዚያ ሰዎች አፋቸውን የፈቱት በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ አፋቸውን ፈትተው በአርባ ዓመታቸው ኦክላንድ የገቡ ሰው አምፖል ቢያኮርፋቸው፣ ለብቻቸው እንዳልሆኑ ማወቃቸው ደግ ነው።

ሦስተኛው ሕግ አንድ ስም ለአንድ ዕቃ ይላል። ይህን ሁለት በሬ የሚጠምድ ገበሬ ሳይማር ያውቀዋል። አንዱ ቡሬ ከሆነ ሌላው ዳለቻ ነው፤ ሁለቱም ቡሬ ቢባሉ አንዱን «ና» ሲሉት ሌላውም ይዞራል፣ ትልሙም ይጣመማል። ከአፑ ጋር የሚታገለው ወጣት ግን ክፍሉን «ሳሎን»፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን አምፖል «ሳሎን»፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን ሶኬት «ሳሎን ላይት» ብሎ ይሰይማል። ከዚያ ማሽኑ በዚህ ስም የሚጠሩ ዕቃዎች ብዙ ስለሆኑ የትኛው እንደሆነ ይነገረኝ ብሎ ይጠይቃል። መልስ ቢሰጠውም ያንኑ ይጠይቃል፤ የሚመለስለት መልስ ያው «ሳሎን» ነውና። ትክክለኛው መንገድ የክፍሉን ስም ለቡድኑ መስጠትና በውስጡ ላሉት ዕቃዎች የየራሳቸውን ስም ማውጣት ነው፤ «ኮርነር»፣ «ሶፋ»፣ «ቡና»። አንድና ብዙም ያምታታሉ፤ «ላይት» እና «ላይትስ» ጫፋቸው ላይ ያለችው «ስ» ከሳቅና ከሕፃን ጩኸት መካከል አትሰማም። ስፒከሩን ራሱን ከክፍሉ አምፖሎች ጋር በአንድ ቡድን ማስገባትም ሥራ ያቀልላል፤ ያኔ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ መብራቱን አጥፊ ማለት ብቻ ይበቃል፣ የክፍሉን ስም መጥራት አያስፈልግም።

ቁጥር ስም አይሆንም። ዕቃው ከፋብሪካ «ስማርት ፕለግ 3» የሚል ስም ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ቤት ውስጥም በዚያው ይቀራል። ሦስተኛው የትኛው እንደሆነ የሰካው ሰው ሳይቀር በሳምንቱ ይረሳል። በእንግሊዝኛ ደግሞ «ቱ» እና «ፎር» ቁጥርም መስተዋድድም ስለሚሆኑ ማሽኑ ስሙን ከዓረፍተ ነገሩ ጋር ያጣብቀዋል። ዕቃውን በጊዜያዊ ሥራው መሰየምም እንደዚሁ ነው። በታኅሣሥ «የገና ዛፍ» የተባለ ሶኬት የፈረንጁን ገና አሳልፎ፣ የሐበሻውን ገና አሳልፎ፣ ጥምቀትንም አይቶ ይነቀላል። በሚያዝያ ያው ሶኬት የመኝታ ቤት ማራገቢያ ይሰካበታል፤ ሙቀት የበዛበት ሰው በፋሲካ ማግሥት የገና ዛፍ አብሪ እያለ ይለምናል።

አንድ ቀን አማርኛ የሚሰማ ስፒከር ቢመጣ ሥራው ቀላል አይሆንለትም። የእንግሊዝኛ ስም እንደተመዘገበ ሳይለዋወጥ ይጠራል። የአማርኛው ግን ፊትና ኋላው አያርፍም፤ ሳሎን፣ ሳሎኑ፣ ሳሎኑን፣ የሳሎኑን፣ ለሳሎኑም እያለ ይለዋወጣል፤ ማሽኑ ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ሥሩን ልጦ ማውጣት አለበት። ግሡም ጾታና ማዕረግ አለው፤ አብራ፣ አብሪ፣ አብሩ፣ ያብሩልኝ። አሌክሳ «አንቺ» ትባል «እርስዎ» ገና አልተወሰነም። ከሁሉ የሚከብደው ግሡ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። እንግሊዝኛ ትእዛዙን አስቀድሞ ስሙን ያስከትላል። አማርኛ «የሳሎኑን መብራት…» ብሎ፣ ትንሽ አስቦ፣ «እስቲ» ጨምሮ፣ ከዚያ «አጥፊልኝ» ይላል፤ ጸጥታ ሲሰማ ንግግሩ ያለቀ የሚመስለው ማሽን «እስቲ» ላይ ጆሮውን ይዘጋል።

ባህልም አለ። ታላቅን በባዶ ስም መጥራት ነውር በሆነበት፣ ምራት አማቷን በስም በማትጠራበት አገር ያደጉ እናት፣ ሰላምታ ሳያቀርቡ ማዘዝን አይወዱም። «አሌክሳ፣ እንዴት ዋልሽ» ይላሉ በተማሩት እንግሊዝኛ። ማሽኗ ሰላምታውን መልሳ ሥራዋን እንደጨረሰች ቆጥራ ትተኛለች፤ እናትም መብራቱን ሳያዙ ይቀራሉ። «ፕሊስ» ትእዛዙን አያበላሽም፤ ሰላምታው ግን ለብቻው መሄድ አለበት።

የማይስተካከል ስም ሲያጋጥም ሁለት መላ አለ። አንደኛው አፑ ውስጥ የሚቀመጠውን የንግግር ታሪክ መክፈት ነው፤ ማሽኑ ሰምቼዋለሁ ብሎ የጻፈው እዚያ ይገኛል። አያት «መብራት» ባሉ ቁጥር ማሽኑ ያንኑ አንድ የተጣመመ የእንግሊዝኛ ቃል የሚጽፍ ከሆነ፣ አምፖሉን በተጣመመው ቃል መሰየም ነው። በዚህ መንገድ አያት አማርኛ እንደተናገሩ ይቆያሉ፣ ማሽኑም እንግሊዝኛ እንደሰማ ይቆያል፣ መብራቱም ይበራል። ጉዳቱ ማሽኑ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አለመሳሳቱ ነው፤ ከመሰየም በፊት አሥር ጊዜ ያህል ማስደገም ይበጃል። ሁለተኛው መላ አንድ ሐረግ ብዙ ሥራ እንዲሠራ ማሰር ነው። «ጉድ ናይት» ሲባል መብራቱ ሁሉ ይጠፋል፣ በሩ ይቆለፋል፣ ሂተሩ ዝቅ ይላል። የዕቃ ስም ስለማይጠራ የሚሳሳት ስምም የለም።

ከዚህ በኋላ ስሞቹ በትልቁ ተጽፈው ፍሪጁ ላይ ይለጠፋሉ፤ በእንግሊዝኛም በፊደልም። አፑ ውስጥ ብቻ ያለ ስም የሰያሚው ብቻ ነው፤ እሱ ማታ ሥራ ሲገባ ቤቱ ድዳ ይሆናል። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድም «ላይቱ ማን ይባላል?» ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል።

የትኛውም ስም የማያሸንፈው ነገር ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ብልሁ አምፖል የሚሰማው ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ነው። ከክፍል ሲወጡ መብራት ማጥፋትን ከልጅነት የለመደ እጅ ማጥፊያውን ቀጭ ሲያደርገው፣ አምፖሉ ከነስሙ ይሞታል፤ ማሽኑም ዕቃው አይመልስም ይላል። አንዳንዱ ቤት ማጥፊያው ላይ ፕላስተር ይለጥፋል። እናት ፕላስተሩን ቆሻሻ መስሏቸው ያነሱታል።

መብራት ሲሄድም ስም ሁሉ ሥራ ያቆማል። በጥቅምት 2019 ፒጂ ኤንድ ኢ የተባለው ኩባንያ በነፋስ ምክንያት ሰደድ እሳት እንዳይነሳ ብሎ የኦክላንድን ኮረብታዎች ጨምሮ በብዙ የካሊፎርኒያ ቦታዎች ኤሌክትሪክ አቋርጦ ነበር። «መብራት ጠፋ» የሚለው የአዲስ አበባ ዓረፍተ ነገር እዚያ አስተርጓሚ አላስፈለገውም፤ ሻማውም ከመሳቢያ ወጣ። ችግሩ የሚመጣው ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ነው። ብዙዎቹ ብልህ አምፖሎች ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸው ልማድ ኤሌክትሪክ ባገኙ ጊዜ ሙሉ ብርሃን መብራት ስለሆነ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎኑ፣ ሻወሩና በረንዳው ማንም ሳይጠራቸው አንድ ላይ አቤት ይላሉ። ያኔ ከአልጋ ሳይነሱ አንድ በአንድ እየጠሩ ማጥፋት ይጀመራል፤ ስሙ በደንብ የወጣለት ቤት ቶሎ ይተኛል።